ያገለገለ መኪና ሲገዛ የትኛው ዓመት ይመረጣል?

ያገለገለ አውቶሞቢል ለመግዛት ወደ ደላላ የሚሄድ ወጣት ሠራተኛ ስለ መኪናው በመጀመሪያ የሚነገረው የተሠራበት ዓመት ነው። «ይኼኛው የ2003 ነው፤ ያኛው ግን 2006 ስለሆነ ዋጋው ከፍ ይላል» ይባላል። ገዢውም ገንዘቡ እስከፈቀደለት ድረስ ከፍ ወዳለው ቁጥር ያዘነብላል። ቁጥሩ ከፍ ያለው መኪና አዲስ ነው፤ አዲሱም ከአሮጌው ይሻላል ብሎ ያምናልና። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። ላስቲኩ፣ ሽቦውና ቆርቆሮው በዕድሜ ብዛት ይደክማሉ። ነገር ግን አንዱ ዓመት በቁጥር ከሌላው ስለበለጠ ብቻ የዚያ ዓመት መኪና የበለጠ ያስተማምናል ማለት አይደለም። እንዲያውም በአንዳንድ መኪናዎች ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ጉዳይ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የያዘ ወጣት መኪና የሚገዛው በትርፍ ገንዘብ አይደለም። ዕቁብ ጥሎ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሮ፣ አንዳንድ ጊዜም የወላጆቹን ጥሪት ጨምሮ ነው። መኪናው በስድስተኛው ወር ሞተሩ ተከፍቶ ጋራዥ የቆመ እንደሆነ ዕቁቡና ብድሩ አብረው አይቆሙለትም። መኪና ሳይኖረው የመኪና ዕዳ ሲከፍል ይኖራል።

ከዚህም በላይ የአገራችን የመኪና ገበያ በቅርብ ዓመታት ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ሲገባ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚህ የተነሣ በቤንዚን የሚሄድ መኪና የሚፈልግ ሰው የሚያማርጠው በአብዛኛው ቀደም ብለው ከገቡት መካከል ነው። እነርሱም ዕድሜያቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየገፋ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ። ስለዚህ ከአሮጌዎቹ መካከል የተሻለውን ዓመት ለይቶ ማወቅ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የመኪና ዓመት በተጠቀሰ ቁጥር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ይህን ማለት ያስፈለገበትን ምክንያት በኋላ እንደርስበታለን።)

በመጀመሪያ የመኪና ዓመት ማለት ምን እንደሆነ እንመልከት። ፋብሪካ በየዓመቱ አዲስ መኪና አይፈጥርም። አንድ መኪና አንድ ጊዜ ተነድፎ ከወጣ በኋላ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ በመሠረቱ ሳይለወጥ ይመረታል፤ ከዚያም ስሙ እንዳለ ሆኖ ሌላ መኪና ይተካዋል። ለምሳሌ በከተማችን በብዛት የምናየው ቶዮታ ቪትዝ በጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1999 መጀመሪያ ነው። ሁለተኛው ትውልድ በ2005 መጀመሪያ፣ ሦስተኛው በ2010 መጨረሻ ተከተሉት። እንግዲህ በ2001 እና በ2004 የተሠሩት ቪትዞች በሦስት ዓመት ቢራራቁም አንድ ዓይነት መኪና ናቸው። የ2004ቱና አዲሱ የ2005ቱ ግን በስም እንጂ በአካል አይገናኙም። የፊተኛው ባለ አንድ ሊትር ሞተር አራት ሲሊንደር ነበረው፤ የኋለኛው ባለ አንድ ሊትር ሞተር ሦስት ሲሊንደር ነው። በሶማሌ ተራ ልምድ ያለው መለዋወጫ ሻጭ ዓመቱን ሰምቶ ብቻ ዕቃ የማያወጣው፣ የሻንሲውን መለያ ጭምር የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

አዲስ ትውልድ በወጣበት በመጀመሪያው ዓመት መኪናው ገና ያልተፈተነ ነው። በእርግጥ ፋብሪካው በበረዶም በበረሃም ይፈትነዋል፤ ነገር ግን በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ለጥቂት ወራት መንዳታቸውና ብዙ መቶ ሺህ ሰው ለአሥር ዓመት መንዳቱ አንድ አይደለም። መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ካልሞላ የማይታይ ጉድለት አለ። ጉድለቱ ሲታወቅ ፋብሪካው ያንን ዕቃ ያሻሽልና ምርቱን ይቀጥላል። መኪናው ከውጭ ሲታይ ያው ነው፤ በውስጡ ግን ተለውጧል። ገዢ ሊያውቀው የሚገባው ዓመት ይህ ለውጥ የተደረገበትን ነው።

ለዚህ የኮሮላ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ኮሮላ በዓለም ሁሉ በጥንካሬው የታወቀ መኪና ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቶዮታ 1ዜድዜድ የተባለውን ባለ 1.8 ሊትር ሞተር አወጣ። ሞተሩ ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ ቀላል ነው፤ ነዳጅ ይቆጥባል፤ በየጊዜው መለወጥ የነበረበት ቺንጋም ቀርቶ በምትኩ ካቴና ገብቶለታል። ባለ 1.4 እና ባለ 1.6 ሊትር ወንድሞቹም በአውሮፓ በሚሸጡት ኮሮላዎች ላይ ተገጠሙ። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተሠሩት ላይ ዘይት የመብላት አመል ታየ። ምክንያቱ ከፒስቶኑ ነበር። በፒስቶኑ ዙሪያ ከሚገቡት ቀለበቶች፣ መካኒኮቻችን ፋሻ ከሚሏቸው መካከል፣ የታችኛው የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እየጠረገ በፒስቶኑ ላይ በተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ታች ይመልሳል። በፊተኞቹ ፒስቶኖች ላይ እነዚህ ቀዳዳዎች ጥቂትና ጠባብ ነበሩ። በተለይም ዘይቱ በጊዜው ያልተለወጠ እንደሆነ ጥላሸት ይደፍናቸዋል፤ ፋሻውም ይያዛል፤ መመለሻ ያጣው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ባለቤቱ ዘይት የሚያንጠባጥብበትን ቦታ ለማግኘት ከመኪናው በታች ቢያጎነብስ አንዲት ጠብታ አያይም፤ ዘይቱ የሚወጣው በማርሚታው በኩል ጭስ ሆኖ ነውና።

ፋብሪካው በኋላ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፒስቶኑን አሻሻለ። ስለዚህ ይህ ሞተር ካለባቸው ኮሮላዎች የ2005ቱን ከ2000ው አስበልጦ የሚገዛ ሰው ተጨማሪውን ገንዘብ የሚከፍለው ለአምስት ዓመት ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ለተሻሻለውም ፒስቶን ጭምር ነው። በዚያው ዘመን በጃፓን ይሸጡ ለነበሩት ብዙ ኮሮላዎች የተገጠመው 1ኤንዜድ የተባለው ባለ 1.5 ሊትር ሞተር ግን በዚህ ነገር ብዙም አይታማም። እንግዲህ የኮሮላውን ዓመት የጠየቀ ሰው ሞተሩንም መጠየቅ አለበት። አለዚያ ጥያቄው ግማሽ ነው።

ከፍ ያለ ቁጥር ሁሉ መሻሻል አይደለም ላልነውም ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ያው ቶዮታ 2ኤዜድ የተባለ ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ነበረው። በአሜሪካ አገር ከ2007 እስከ 2009 ሞዴል በሆኑ ካምሪዎችና ከ2006 እስከ 2008 በሆኑ ራቭ ፎሮች ላይ የተገጠመው ይኸው ሞተር ዘይት በመብላት ስሙ ጠፋ። ባለቤቶቹ በብዛት ስላመለከቱ ኩባንያው የዋስትናውን ጊዜ አራዝሞ ፒስቶንና ፋሻ በነፃ እስከ መለወጥ ደረሰ። ራቭ ፎር በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የተለመደ መኪና ነው። የ2007ቱን አይቶ ከ2005ቱ ያለ ጥርጥር ይበልጣል ብሎ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ኮፈኑን አስከፍቶ ሞተሩ ባለ ስንት ሊትር እንደሆነ፣ መኪናውም ከየትኛው አገር እንደመጣ ይወቅ። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ባለ 2 ሊትር ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው።

የሃዩንዳይ ሶናታም እንዲሁ ነው። ለ2011 ሞዴል አዲስ ሆኖ ሲወጣ በመልኩ ብዙ ሰው ማረከ። በ2015 ግን ኩባንያው በአሜሪካ የተሸጡትን የ2011 እና የ2012 ሶናታዎች ለጥገና መልሶ ጠራ። በፋብሪካው ክራንክ ሻፍቱ ሲሠራ ሳይጸዳ የቀረ የብረት ብናኝ የዘይቱን መተላለፊያ እየዘጋ ሞተሩን በጉዞ ላይ ሊያነክሰው ይችል ነበርና።

ይህ የዘመኑ መኪናዎች ብቻ ጠባይ እንዳይመስለን። በአባቶቻችን ዘመን ከተማውን ሞልተውት የነበሩት ቮልስዋገኖች መልካቸው ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ያልተለወጠ ይመስል ነበር። ነገር ግን ባለ 6 ቮልት የነበረው ኤሌክትሪካቸው በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በአብዛኞቹ ላይ ወደ 12 ቮልት ተለወጠ። ቀን ከሩቅ ሲታዩ መንታ የሚመስሉ ሁለት ቮልሶች ማታ መብራታቸው ሲበራ ይለያዩ ነበር።

ታዲያ ገዢው ምን ያድርግ? አዲስ ትውልድ የወጣበትን የመጀመሪያ ዓመት፣ ቢቻል ሁለተኛውንም፣ መዝለል ነው። በተለይ የአንድ ትውልድ የመጨረሻዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት ሊፈለጉ ይገባል። ጉድለቱ ታውቆ ታርሟል፤ መለዋወጫው በገበያ በዝቷል፤ መካኒኩም እጁን አፍታትቶበታል። ከዚህም ሌላ መልኩ ያለፈበት ስለሚባል ዋጋው ከተከታዩ ትውልድ የመጀመሪያ ዓመት ያነሰ ነው። የ2004 ቪትዝና የ2005 አዲሱ ቪትዝ በመልካም አያያዝ ላይ ሆነው ቢቀርቡና ምርጫው ለእኔ ቢሰጥ የ2004ቱን እወስዳለሁ፤ በሁለቱ መካከል ያለውንም የዋጋ ልዩነት ለጎማና ለፍሬን አስቀምጠዋለሁ። ገንዘቡ ጨመር ያለለት ደግሞ የ2005ቱን ዘልሎ ወደ 2008 ወይም ወደ 2009 ይሂድ። ጎረቤት አዲሱን ቅርጽ እንደሚያደንቅ አይካድም፤ የጋራዡን ሒሳብ ግን ጎረቤት አይከፍልም።

እግረ መንገዳችንን ስለ ሞተር መጠን አንድ ቃል እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ባለ አንድ ሊትሩ ቪትዝ አራት ሰው ጭኖ ወደ እንጦጦ ሲወጣ የሚያቃስተው አርጅቶ ብቻ አይደለም። በአንድ ዓመት ከተሠሩት መካከል ባለ 1.3 ሊትሩ ከተገኘ ለዚህ ከተማ ይስማማል።

አሁን ወደ አቆጣጠሩ ነገር እንመለስ። ሻጩ «የ2000 መኪና ናት» ባለ ጊዜ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚናገር መጠየቅ ነውር አይደለም። በእኛ 2000 ዓ.ም. ከሆነ በአውሮፓውያን 2007 ወይም 2008 ነው። በመካከሉ ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት የአንድ ሙሉ የመኪና ትውልድ ዕድሜ ነው። በአውሮፓውያኑም ቢሆን መኪናው የተሠራበት ዓመት፣ የሞዴሉ ዓመትና ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበበት ዓመት ሦስቱ ሊለያዩ ይችላሉ። በአሜሪካ የ2010 ሞዴል የሚባል መኪና በ2009 ተሠርቶ መሸጥ የተለመደ ነው። የቮልስዋገን ፋብሪካም ቢሆን ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሚቀጥለውን ዓመት ሞዴል ማምረት የሚጀምረው በእኛ ሐምሌ መጨረሻ ገደማ ነበር። ገዢው ሊብሬውን አይቶ የተሠራበትንና የተመዘገበበትን ይለይ።

ከወረቀቱ ሌላ መኪናው ራሱም ይመሰክራል። ለአሜሪካና ለካናዳ ገበያ የተሠራ እንደሆነ 17 ፊደልና ቁጥር ካለው የሻንሲ መለያ አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። 5 የ2005 ነው፤ 9 የ2009 ነው፤ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ከላቲኑ ኤ ተነሥቶ በፊደል ይቀጥላል። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ይህን የመጻፍ ግዴታ የለባቸውም። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ደግሞ አጠር ያለ የሻንሲ ቁጥር ስላለው ዓመቱ በቀጥታ አይነበብበትም፤ ትውልዱና ሞተሩ ግን ይታወቃሉ። በቪትዝ ላይ ኤስሲፒ10 ብሎ የሚጀምረው የመጀመሪያው ትውልድ ባለ አንድ ሊትር ነው፤ ኬኤስፒ90 የሁለተኛው ትውልድ ባለ አንድ ሊትር፣ ኤስሲፒ90 የዚያው ትውልድ ባለ 1.3 ሊትር ነው። በብዙ መኪናዎች ላይ በደኅንነት ቀበቶው ግርጌ በተሰፋች ትንሽ ጨርቅ ላይ ቀበቶው የተሠራበት ዓመት ይገኛል። ቀበቶው 2003 እያለ ወረቀቱ 2006 የሚል ከሆነ ሻጩ ሊያስረዳ ይገባዋል። ቪትዝ የሚለው ስም የጃፓን ገበያ ስም መሆኑንም አንዘንጋ፤ በአውሮፓ ያሪስ ነው የሚባለው። ጃፓኖች በግራ መስመር ስለሚነዱ መሪያቸው በቀኝ ነው። ከጃፓን የመጣ ቪትዝ መሪው በግራ ከሆነ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተዛወረ ነው፤ ሥራው በጥንቃቄ መሠራቱን መካኒክ ከዳሽቦርዱ በታች ገብቶ ይየው።

የዓመት ምርጫ ከገንዘብ አልፎ ለሕይወትም የሚያሰጋበት ጊዜ አለ። ታካታ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ለብዙ መኪና ፋብሪካዎች የሠራው የአየር ከረጢት በአሞኒየም ናይትሬት የሚነፋ ነበር። ይህ ንጥረ ነገር ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቅበት ይበላሽና በግጭት ጊዜ ከመጠን በላይ ፈንድቶ የብረት ስብርባሪ ወደ ሾፌሩ ይወረውራል። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል ማንፊያ እንዲለወጥ ታዟል። በ2015 ቶዮታ ከ2003 እስከ 2007 የተሠሩ ኮሮላና ቪትዝን ጨምሮ አምስት ሚሊዮን ያህል መኪና መልሶ ጠርቷል። ከ2001 እስከ 2003 ሞዴል በሆኑ አንዳንድ ሆንዳዎች ላይ ደግሞ አደጋው እጅግ የከፋ ነበር። በእነዚህ ዓመታት የተሠራ መኪና የሚገዛ ሰው የሻንሲውን ቁጥር ይዞ ከረጢቱ መለወጡን ከኩባንያው ወኪል ወይም ከኩባንያው የመጠየቂያ ገጽ ያረጋግጥ። አሮጌ መኪና ነው ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ስለ እያንዳንዱ ሞዴልና ዓመት ማንበብ ለሚወድ ተማሪ መጽሐፉ ሞልቷል። በጀርመን ቲዩፍ የተባለው የምርመራ ድርጅት በየጊዜው ምርመራ የሚያደርግላቸውን መኪናዎች በዕድሜያቸው ከፋፍሎ የትኛው በብዛት እንደሚወድቅ በየዓመቱ ያትማል። አዳክ የተባለው የባለመኪናዎች ማኅበር በመንገድ ላይ ቆመው ርዳታ የጠየቁትን ይቆጥራል። በአሜሪካም በ1936 የተመሠረተው የሸማቾች ማኅበር አባሎቹን እየጠየቀ ሪፖርት ያወጣል። እነዚህ ሁሉ ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን የተጻፉት ለሌላ መንገድ ነው። በጀርመን ብዙ መኪና ምርመራ የሚወድቀው በክረምት መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ዝገት ነው፤ የእኛ መኪና የሚጎዳው ግን በአቧራ፣ በጉድጓድና በቁልቁለት ነው። የአየር ማጣሪያውንና የፊት እግሮቹን በተመለከተ ከጀርመኑ መጽሐፍ ይልቅ የሠፈራችን መካኒክ ያውቃል።

በኤሌክትሪክ የሚሄድ ያገለገለ መኪና የሚፈልጉትም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። ኒሳን ሊፍ በ2010 መጨረሻ ሲወጣ ባትሪውን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ አልነበረውም። በአሜሪካ እንደ አሪዞና ባሉ ሞቃት አገሮች የ2011 እና የ2012 ሞዴሎች ባትሪ የመያዝ አቅም ከታሰበው ፈጥኖ ወረደ። በኋላ ሙቀትን የበለጠ የሚቋቋም ባትሪ ለ2015 ሞዴል ገባ። በእንዲህ ያለው መኪና ላይ የዓመቱ ጉዳይ በይበልጥ የባትሪው ዓመት ጉዳይ ነው። የባትሪው የቀረ አቅም በመሣሪያ ተለክቶ በወረቀት ሳይቀርብ ዋጋ መነጋገር አይገባም።

ዓመቱ ከተመረጠ በኋላ የቀረው የመኪናዋ የራሷ ነገር ነው። በጥሩ ዓመት ተሠርታ በመጥፎ እጅ ያደረች አለች፤ በተጠረጠረ ዓመት ተሠርታ ባለቤቷ ዘይቷን በየጊዜው እየለወጠ ያኖራትም አለች። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል ብዙ አይታመንም፤ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክና የሾፌሩ ወንበር መበላት ከእርሱ ይልቅ ይናገራሉ። ሻጩን አስቀድሞ ሞተሩን እንዳያስነሣ ለምኖ ጠዋት በብርድ መሄድ ጥሩ ነው። ኮፈኑ በእጅ ሲነካ ሞቆ ከተገኘ ሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ፣ ወይም ቁልቁለት ወርዶ እንደገና ነዳጅ ሲረገጥ ጭሱ ብቅ ካለ፣ ስለ ፋሻው የተናገርነው ደርሷል ማለት ነው፤ ዋጋው የሞተር ጥገናን ታሳቢ አድርጎ ካልወረደ ይቅር። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነም በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር፣ በሞተሩ ላይ ያለውና በሊብሬው ላይ የተጻፈው ፊደል በፊደል ሳይመሳከር ቀብድ አይሰጥም።